የብልሽት መዝገብ፤ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ሕመሙን መናገር የተማረበት ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው አባባል ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለመሣሪያም የሚሠራ ነው። ማንኛውም ጠጋኝ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርም ይሁን የስልክ ማዞሪያ ቢቀርብለት፣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ ነው። መሣሪያው አንዳች መልስ ከሰጠ ሥራው በግማሽ ተቃለለ ማለት ነው፤ ዝም ካለ ግን ጥገናው ግምት፣ ግምቱም ወጪ ይሆናል። በቤት ውስጥ በሚገኝ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የሚደርሱት ብልሽቶች፣ ይኸውም ሲከፈት አልነሣም ማለት፣ የማተሚያ መሣሪያን አለማወቅ፣ ድምፅ ማጣት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ የዲስክ መታወክ፣ በሌሎች ኮምፒዩተሮች ላይ ከሚደርሱት ብዙም የተለዩ አይደሉም። ልዩነቱ የሚታየው ብልሽቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሊኑክስ የሠራውንና የተሳነውን ጽፎ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም ያንን ጽሑፍ ከማንበብ አልፎ እስከ ፕሮግራሙ ውስጥ ዘልቆ እንዲመረምር ፈቃድ ተሰጥቶታል። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን የተገኙ ሳይሆኑ ብዙ ሰዎች በየጊዜው ከገጠማቸው ችግር የወጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስ አርአያ ያደረገው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በሴኮንድ ዐሥር ፊደል ያህል በወረቀት ላይ በሚጽፍ የቴሌታይፕ መሣሪያ ስለ ነበረ ቃል መቆጠብ ግድ ነበር። ቶምሰን የጻፈው «ኤድ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ተጠቃሚው ሲሳሳት የሚመልስለት አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ያልተለመደ ነገር ይዞ ቀረበ። ስለ ፕሮግራሞቹ በሚያስረዱት ገጾች ግርጌ ፕሮግራሙ ያሉበትን የታወቁ ጉድለቶች የሚዘረዝር ክፍል ተመደበ። አምራቹ የገዛ ሥራውን ጉድለት በመመሪያው ላይ አትሞ ማውጣቱ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ልማድ ሁሉ መሠረት የጣለ ነው።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ የተወለደው ከወረቀት ብክነት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የላቦራቶሪው ሠራተኞች ጽሑፋቸውን በፎቶግራፍ ዘዴ በሚሠራ የፊደል መልቀሚያ መሣሪያ ማተም ጀምረው ነበር። ፕሮግራሙ ሲሳሳት የስሕተቱ ማስታወቂያ ከሥራው ውጤት ጋር በአንድ መሥመር ስለሚወጣ፣ ውድ የሆነው ወረቀት በኬሚካል ታጥቦ ሲመጣ በሚገባ ተለቅሞ የሚገኘው የሚጠበቀው ገጽ ሳይሆን የስሕተቱ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ይህ ከተደጋገመ በኋላ ለስሕተት መግለጫ ብቻ የሚያገለግል የተለየ መሥመር ተከፈተ። ዛሬም በማንኛውም የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የሥራው ውጤትና የስሕተቱ መግለጫ በሁለት የተለያዩ መሥመሮች የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ኤሪክ ኦልማን ለደብዳቤ ማመላለሻ ፕሮግራሙ ሲል «ሲስሎግ» የተባለውን የመዝገብ ሥርዓት ሠራ። ማስታወቂያው ከነሰዓቱና ከነክብደት ደረጃው በመዝገብ መግባት ስለ ጀመረ፣ ሌሊት የደረሰውን ብልሽት ጠዋት መመርመር ተቻለ።

መዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕመሙን የነገረ መሣሪያ ገላውን ለመታከም ካልከፈተ ሐኪሙ ቆሞ ከመመልከት አያልፍም። ይህን ጉዳይ ገሃድ ያወጣው በ1980 ግድም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረ አንድ የማተሚያ መሣሪያ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው የፕሮግራም ባለሙያ በቀድሞው ማተሚያ ላይ ወረቀት ሲቀረቀር ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ እንዲያስታውቅ አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። አዲሱ ማተሚያ ሲመጣ ግን የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ አብሮት አልመጣም። ጽሑፉን የያዘ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ቢጠየቅም ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ በማለት ከለከለ። ወረቀቱም መቀርቀሩን ቀጠለ። ስቶልማን በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያከፋፍለው የሚችል «ግኑ» የተባለ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን በይፋ አስታወቀ፤ ይህንን መብት የሚያስጠብቀው የፈቃድ ውልም በ1989፣ ሁለተኛው እትሙ ደግሞ በ1991 ወጣ።

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የሃያ አንድ ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ አዲስ ሥርዓተ ክወና በመሥራት ላይ መሆኑን ያስታወቀው ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው። ሥራው የተጀመረው በመኝታ ክፍሉ በሚገኝ አንድ የግል ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ ሊኑክስ ከተፈጥሮው የቤት ኮምፒዩተር ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ከባድ የቤት ውስጥ አደጋም የደረሰው በራሱ በፈጣሪው እጅ ነው። ቶርቫልድስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስልክ ለመደወል የሰጠውን ትእዛዝ በሞደሙ ፈንታ በስሕተት ወደ ሃርድ ዲስኩ ላከው፤ በዚህም እስከዚያ ድረስ ይገለገልበት የነበረው «ሚኒክስ» የተባለው ሥርዓት ያረፈበትን የዲስኩን ክፍል አበላሸው። ሚኒክስን መልሶ ከመጫን ይልቅ የራሱን ሥርዓት እያሻሻለ በእርሱ ብቻ ለመኖር ቆረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሁለት ሜጋባይት ማስታወሻ ብቻ ያለው ኮምፒዩተር የነበረው አንድ የጀርመን ተጠቃሚ ፕሮግራሙን ማጠናቀር እንዳቃተው ጻፈ። ቶርቫልድስም የማስታወሻውን ትርፍ ወደ ዲስክ የሚያሸጋግር ዘዴ በገና በዓል ሰሞን ሠርቶ ጨመረ። አንድ ሰው በቤቱ የገጠመው ችግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሁሉም መፍትሔ ለመሆን የበቃው ችግሩ በግልጽ ስለ ተነገረና ፕሮግራሙ ክፍት ስለ ነበረ ነው።

ከብልሽቶቹ መካከል መብራት በድንገት በሚቋረጥባቸው የአዲስ አበባ ቤቶች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የዲስክ መታወክ ነው። በ1993 በሬሚ ካርድ የቀረበው «ኤክስት ሁለት» የተባለው የፋይል አያያዝ ፈጣን ቢሆንም ኃይል ሲቋረጥ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረውን ሥራ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መመርመር ነበረበት፤ ዲስኩ በሰፋ መጠንም የምርመራው ጊዜ ይረዝም ነበር። በስቲፈን ትዊዲ የተሠራውና በ2001 ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው «ኤክስት ሦስት» መፍትሔውን ያገኘው ከሒሳብ ሠራተኛ አሠራር ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ሒሳብ ያዡ ዝውውሩን ወደ ዋናው መዝገብ ከማስገባቱ በፊት በዕለት መዝገብ እንደሚያሰፍረው ሁሉ፣ ሥርዓቱም ሊያደርገው ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በትንሽ መዝገብ ይጽፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚነበበው ያ መዝገብ ብቻ ስለ ሆነ ሥራው በጥቂት ሴኮንድ ይፈጸማል። ሆኖም ይህ ዘዴ በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው የፋይሎቹን አደረጃጀት እንጂ ሳይቀመጥ የቀረውን ጽሑፍ አይደለም። በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ መያዝን የሚተካ መስሎ የታየው ሰው ተሳስቷል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ በተለይ የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ የፊደል ነው። እዚህ ላይ ምልክቱን አስተውሎ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጽ ይታያል። በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ስለ ሆነ «አቢሲኒካ»ን የመሰለ ነጻ የግዕዝ ቅርጽ መጫን ይበቃል። ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ከታዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የራሱን ቁጥሮች ከማግኘቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይጭኑ ነበር፤ ድልድሉም ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ይለያይ ነበር። እንዲህ ያለውን የቆየ ሰነድ የሚያድነው ወደ አዲሱ ቁጥር መለወጥ እንጂ የቅርጽ መጫን አይደለም። ሁለቱን ምልክቶች ያልለየ ሰው ኮምፒዩተሩን አሥር ጊዜ እንደ አዲስ ቢጭነው ለውጥ አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ ልምድ አንድ የጥገና ሥርዓት ተገኝቷል። በመጀመሪያ መዝገቡን ማንበብ፣ ቀጥሎ ብልሽቱ ከመድረሱ በፊት ምን እንደተለወጠ መጠየቅ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት ነው። ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አልነሣም ሲልም ዘዴ አለው። በ2000 በጀርመን ክላውስ ክኖፐር ያወጣው «ክኖፒክስ» ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ሥርዓት ከሲዲ ላይ ያስነሣ ስለ ነበር፣ የታመመውን ዲስክ ከውጭ ሆኖ መመርመርና ሰነዶችን ማውጣት ተለመደ። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም «ጊት» የተባለውን በ2005 የወጣ የለውጥ መዝጋቢ በመጠቀም ጥፋተኛውን ለውጥ ክልሉን ለሁለት እየከፈሉ ይፈልጉታል፤ በዚህ ዘዴ ከአንድ ሺህ ለውጦች መካከል አንዱን ለመለየት ዐሥር ያህል ሙከራ ይበቃል። መዝገቡ ምን ያህል እንደ ተከበረ የሚያሳየው በ2011 የተነሣው ክርክር ነው። «ሲስተምዲ» የተባለው የአገልግሎት አስተዳዳሪ መዝገቡን በተራ ጽሑፍ ሳይሆን በልዩ ፕሮግራም ብቻ በሚነበብ ቅርጽ ለማስቀመጥ ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ደጋፊዎቹ ለፍለጋ ይፈጥናል አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ በክፉ ቀን ማንኛውም መሣሪያ ሊያነበው ይገባል አሉ። ልዩ ቅርጹ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ዘንድ ቢሠራበትም ከጎኑ ተራውን የጽሑፍ መዝገብ መያዝ ዛሬም ይቻላል።

ይህ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በማርች 29 ቀን 2024 ታየ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው የመረጃ ቋት ባለሙያ በኮምፒዩተሩ ላይ አነስተኛ የፍጥነት መለኪያ ሲሠራ ከርቀት ወደ ማሽኑ መግባት ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈውን ይህን መዘግየት ተከትሎ ሲመረምር ምክንያቱን «ኤክስዜድ» በተባለው መረጃ አምቆ የሚያሳንስ ፕሮግራም ውስጥ አገኘው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገልግሎ አመኔታ ካተረፈ በኋላ በሁለት ተከታታይ እትሞች ውስጥ ለሰርጎ ገብ የሚከፈት ድብቅ በር አስገብቶ ነበር። እትሞቹ በብዙ ሰው እጅ ወዳሉት የተረጋጉ የሊኑክስ ዓይነቶች ሳይደርሱ ተያዙ። ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት መሆኑ በሩ እንዳይገባ አልከለከለም፤ ጥፋቱ ለሙከራ የተዘጋጁ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ተሸሽጎ ነበርና። ያጋለጠው አንድ ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነው፤ ክፍትነቱ ደግሞ ጥያቄውን እስከ ምንጩ እንዲከተል አስቻለው።

ስለዚህ በቤቱ የሊኑክስ ኮምፒዩተር የያዘ የሙያ ባልደረባ ሁለት ልማዶችን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አንደኛው ትርጉሙን ያልተረዳውን ትእዛዝ ከሌላ ሰው ገልብጦ በሙሉ ሥልጣን መፈጸም ነው፤ የቶርቫልድስ ዲስክ የጠፋው በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሁለተኛው ብልሽት በታየ ቁጥር ሥርዓቱን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ ነገር ግን መዝገቡን ከብልሽቱ ጋር አብሮ ስለሚያጠፋው ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል፤ ብልሽቱም ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው እንደ መጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን ነው። ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቀኑ፣ የታየው ማስታወቂያና የተደረገው ለውጥ የሚጻፍበት ተራ ደብተር ማኖር በሞተር ክፍልና በማከፋፈያ ጣቢያ የቆየ የመሐንዲሶች ልማድ ነው፤ ለቤቱ ኮምፒዩተርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።