«ስንት ኩንታል አገኙ?»

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ኢኮኖሚክስ አራተኛ ዓመት ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ማስገቢያው ቀን ደርሶባታል። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ በምን ነበር የሠራኸው?» አለችኝ። በጤፍ አልኳት። «የት?» እዚሁ፣ ደጀን። ትንሽ ዝም አለችና «እኛ ጋ እኮ ሁሉም ዳታ አውርዶ ነው የሚሠራው» አለች።

ዳታ ማውረድ ማለት ለማታውቁት፣ ከብሔራዊ ባንክ ወይም ከዓለም ባንክ የሠላሳ አርባ ዓመት አኃዝ ወስዶ፣ የዋጋ ንረት በኢኮኖሚ ዕድገት ላይ ያለውን ተጽዕኖ በስታታ አስልቶ፣ አርባ ገጽ ጠርዞ ማስረከብ ነው። የደጀን ልጅም፣ የጂንካ ልጅም፣ የጅግጅጋ ልጅም ያንኑ አንድ ሠንጠረዥ ይዘው ይመረቃሉ። አልፈርድባቸውም። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ ከመቶ ካላመጣህ አራት ዓመት የለፋህበት ዲግሪ አይሰጥህም። ስለዚህ ጊዜው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ጽሑፉ የወግ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ዛሬ በእኛ አገር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግን ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። በጎጃም ገበሬን «ስንት አገኙ?» ብሎ መጠየቅ የራሱ ታሪክ ያለው ሥራ ነው። ያንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ የተመረቅሁት በ2004 ነው፣ በሦስት ዓመቱ ዘመን። (በ1996 ፍሬሽማኑ ወደ መሰናዶ ወርዶ ዲግሪው ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ተቆርጦ ነበር፤ በ2012 ተመልሶ አራት ሆነ።) ኢኮኖሜትሪክስ ሁለት ሴሚስተር፣ የጥናት ዘዴ አንድ ሴሚስተር፣ ከዚያ ጽሑፍ። የመረጥኩት ርዕስ ማዳበሪያ በጤፍ ምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። ስልሳ መጠይቅ አባዝቼ አገሬ ገባሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚያይ ቀበሌ፣ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀበሉኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉ። ነገርኳቸው። አያቴን ያውቁታል። መረቁኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ። የቤተሰብ ብዛት፣ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሁሉንም በደስታ መለሱ። ጥያቄ ዐሥራ አራት ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«አባቴ፣ አምና ከጤፍ ስንት ኩንታል አገኙ?»

«አራት።»

«መሬትዎ ስንት ጥማድ ነው?»

«አራት።»

ማታ ለአክስቴ ስነግራት ሳቋ አልቆም አለ። «አራት ኩንታልማ ለልጃቸው ሠርግ ያወጡት ነው!» አለች። በማግስቱ የጠየቅኋቸውም ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ነበር የሚሉኝ። በጤፍ ስሙ በተጠራ አገር፣ በእኔ መጠይቅ መሠረት ሰው የሚተርፈው በተአምር ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሳስገባው የማዳበሪያው ምልክት ኔጌቲቭ ወጣ። ማዳበሪያ በጨመረ ቁጥር ምርት ይቀንሳል ማለት ነው። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ፤ ማዳበሪያ በብዛት የሚወስደው ብዙ መሬት ያለው ገበሬ ነው፣ የሚደብቀውም ብዙ ያለው ነው። አማካሪዬ ከጎኑ «ከንድፈ ሐሳቡ ጋር አይሄድም፣ ይስተካከል» ብሎ ጻፈበት። አስተካከልኩት። «ከመስመር የወጡ» ብዬ አምስት መጠይቅ አወጣሁ፣ ምልክቱ ተገለበጠ፣ ጥሩ ማርክ አገኘሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያፍረኛል። የጣልኳቸው አምስቱ ምናልባት እውነቱን የነገሩኝ ብቻ ነበሩ።

ሽማግሌው ለምን አራት አሉኝ? በዕድሜያቸው ልሂድ።

እሳቸው በ1960 የሃያ ምናምን ዓመት ጎበዝ ነበሩ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ። አስራትን ሽሮ፣ ገበሬው በየዓመቱ ከሚያገኘው ምርት ላይ እየተገመተ እንዲከፍል የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል ነው። ጎጃም ላይ ግን የተሰማው ሌላ ነው። ለመገመት ገማች ይመጣል፣ ገማች ከመጣ መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካ ርስት ቀርቶ ቀላድ ይሆናል። ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሣም። ከጣልያን መባረር በኋላም መንግሥት በጎጃም ላይ አዲስ የመሬት ግብር ሞክሮ አመፅ ገጥሞት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ የሌላውን ጠቅላይ ግዛት መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ከፍሎ ሲተምን ጎጃምን፣ ትግራይንና በጌምድርን በቀድሞው ግብራቸው ተዋቸው። በ1960 ግን መንግሥት ዳግም መጣ። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ሸፈተ። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ነበሩ፤ ጦር ዘመተ፣ በኋላ አውሮፕላን ሳይቀር መንደር ደበደበ። መጨረሻው ምን ሆነ? ገዥው ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ፣ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

እዚህ ላይ ርስትን በደንብ ሳይረዱ ነገሩ አይገባም። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶት ነበር፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። ያሳየው ነገር ይህ ነው፤ ርስት በወሰን የታጠረ ማሳ ሳይሆን ከአንድ አቅኚ አባት በእናትም በአባትም ከመወለድ የሚመጣ የመጠየቅ መብት ነው። አንድ ሰው በበርካታ ወገን ርስተኛ ይሆናል፣ የሚያርሰው ግን ከፊሉን ነው፤ ቀሪውን ነገ ተሟግቶ ሊያገኘው ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዱን ማሳ ለክቶ በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ማለት የሌላውን ሁሉ ተስፋ መዝጋት ነው። ለግምጃ ቤቱ ሹም ቁጥር ነው፤ ለገበሬው ከዘሩ መፋቅ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ልጆች ያኔ የት ነበሩ? ከአመፁ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በየካቲት 1957፣ «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። መፈክሩ ለደቡቡ ጭሰኛ እውነት ነበር። በጎጃም ግን አብዛኛው አራሽ በራሱ ርስት ላይ ነበር የሚያርሰው፤ የሚፈራው ባለመሬቱን ሳይሆን ለኪውን ነው። ያን ጊዜ ብቸና ወይም ሞጣ የተወለደ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ አገሩ ተመልሶ «ለምን ትፈራላችሁ?» ብሎ አርባ ገጽ ቢጽፍ ኖሮ፣ አዋጁን የጻፉት ሰዎች የሚያነቡት ነገር ያገኙ ነበር። ያነቡት ነበር ወይ? እሱን እንጃ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ደርግ መጣ፣ መሬት በየካቲት 1967 የሕዝብ ሆነ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ እሳቸውም አመራር ሆኑ። ከዚያ የእህል ገበያ ድርጅት ኮታ መጣ። ጎጃምና አርሲ ትርፍ አምራች ስለሆኑ ዋናው ሸክም እዚያ ላይ ወደቀ። ምን ያህል እንዳገኘህ ከታወቀ፣ ያን ያህል በመንግሥት ዋጋ ታስረክባለህ። ስለዚህ ሰው ጎታውን በድርቆሽ መሸፈን ተማረ። ይህ እስከ 1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ውሳኔ ቆየ።

ከሁሉ የከበደው ግን 1989 ነው። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ ሰው «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተፈረጀ፤ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ተደረገ፣ ለሌላው ጣሪያው እስከ ሦስት ሄክታር ሆኖ ሳለ። አንድ ሄክታር በእኛ አቆጣጠር አራት ጥማድ ነው።

አራት። ሽማግሌው በ2004 ለእኔ የመለሱልኝ ቁጥር እሱ ነው። የዋሹኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያኔ የተፈቀደላቸውን ቁጥር ነው የነገሩኝ። ከድልድሉ ወዲህ ያረሱት የልጃቸው ድርሻ፣ በእኩል የያዙት የጎረቤት ማሳ፣ ያ ሁሉ አለ፤ ለጠያቂ ግን አይነገርም። ጠያቂው የአያታቸው ወዳጅ የልጅ ልጅ ቢሆንም ያው ነው። ክብር ያለው ጠላ ቀድተው፣ አክብረው፣ አራት ብለው ሸኙኝ።

በነገራችን ላይ የአገራችን የመጀመሪያው ኢኮኖሚስት የሚባሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ራሳቸው የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ነው። ሙያው ከጅምሩ ከቀራጭ ጋር አንድ ቤት ነው ያደረው ማለት ነው፤ ገበሬው ለይቶ ባያየን አይገርምም።

ታዲያ አይጠየቅም ማለት ነው? አይደለም። ከደጀን ወደ ብቸና ስትሄዱ የትመን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ጋር ከ1986 ጀምሮ ባካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ከተመረጡት 15 መንደሮች አንዷ ናት። 1,477 ቤተሰብ ነው በመላው አገር የተያዘው፤ እስከ 2001 ድረስ እየተመላለሱ ያንኑ ቤተሰብ ጠየቁ። ገበሬው በቁናም ይናገር በሌላ የአገር መስፈሪያ ተቀበሉት፣ ወደ ኪሎ የለወጡት በኋላ ነው። ስቴፋን ዴርኮንን የመሳሰሉ ኢኮኖሚስቶች በዚያ ዳታ ስለ ድርቅ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ መንገድ ጽፈዋል። ጠያቂ ዓመት ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ፣ ካለፈው ጥያቄም ግብር እንዳልተከተለ ሲታይ፣ መልሱ ቀስ በቀስ ይላላል ብዬ አምናለሁ። እኔ ስልሳ መጠይቄን በዐሥራ አንድ ቀን ነው የጨረስኩት። የትመንን ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ አልፌያታለሁ፤ የውጭ ምሁራን የሚያውቋት መንደር መሆኗን ያወቅሁት ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አላወራኋትም። ገጠር አትውጪ አልኳት፣ ጊዜው አይደለም። ከተማው ውስጥ እህል ተራ አለልሽ፣ ወፍጮ ቤት አለልሽ። አንድ ኩንታል ጤፍ ደጀን ላይ የሚሸጥበትና ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚሸጥበት ዋጋ ልዩነት የት የት እንደሚገባ ተከታተይ፤ ጫኝ፣ ደላላ፣ ሹፌር፣ በየመንገዱ የሚከፈል። ስንት አተረፉ ብለሽ አትጀምሪ። በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ መኪና ስንት ቀን እንደሚቆም ጠይቂ፤ ቀንን ማንም አይደብቅም። ሳምንት ቆይተሽ ተመልሰሽ ሂጂ፣ ቡና ጠጪ፣ ደግመሽ ጠይቂ። ምልክቱ ተገልብጦ ከወጣም እንዳትነኪው፣ ለምን እንደተገለበጠ ጻፊ።

አማካሪዋ ርዕሱን ተቀበላት፤ «ናሙናው ያንሳል» ብሎ ግን አስጠንቅቋታል። ትናንት ማታ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ነጋዴ ገና ደብተሬን ሳወጣ ‹ከገቢዎች ነሽ?› አለኝ።»