በአርካንሳስ ወንዝ ዳር ያለው የጭቃ ምሽግ

በሰሜን አሜሪካ፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ ላ ሁንታ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ በአርካንሳስ ወንዝ ዳር አንድ የጭቃ ምሽግ ቆሟል። ሲያዩት ብዙ ዘመን ያሳለፈ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የታነጸው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። በዚያው ስፍራ የነበረው ፊተኛው ምሽግ በ1833 ተሠርቶ በ1849 የተተወ ነው።

ያቆሙትም ቻርልስና ዊልያም ቤንት የተባሉ ወንድማማቾች ከባልንጀራቸው ከሴራን ሴንት ቭሬን ጋራ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወንዙ የአሜሪካና የሜክሲኮ ወሰን ነበረ። የሻያንና የአራፓሆ ነገዶች የጎሽ ቍርበት እያመጡ፥ በልዋጩ ጨርቅና ዶቃ፥ ድስትና ቢላዋ፥ ባሩድም ይወስዱ ነበር።

ዛሬ የሚጐበኝ ሰው በትልቁ በር ሲገባ ሰፊ አደባባይ ያገኛል፤ በመካከሉም ቍርበቱ ተጭኖ የሚታሰርበት መጭመቂያ ቆሟል። በዙሪያው የአንጥረኛውና የአናጢው ቤት፥ ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት አለ፤ በማዕዘኑም ክብ የጥበቃ ግንብ ይታያል። ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው። ጭቃና ጭድ ረግጦ ቤት ለሚሠራ ለአገራችን ሰው ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም፤ ጭቃ በየጊዜው ካልተለሰነ ዝናም እንዲበላው ያውቃልና። ምሽጉም ሰው ከተለየው በኋላ እንዲሁ ፈረሰ፤ ከፍርስራሹም የተረፈውን የ1921 ጐርፍ ወሰደው።

ታዲያ እንደ ቀድሞው አድርጎ መሥራት እንዴት ተቻለ? በ1846 ጄምስ አበርት የተባለ የጦር መኰንን ታሞ በምሽጉ በቈየ ጊዜ ክፍሎቹን ለክቶ በወረቀት ሥሎ ነበር። ይህ ሥዕልና በ1960ዎቹ ተቈፍሮ የተገኘው መሠረት ለሠሪዎቹ መሪ ሆኗቸዋል።

ነገር ግን ያን ቤት ያቆመው ግድግዳው ብቻ አልነበረም። በምሽጉ የሚኖሩት በዙሪያው ካሉት ነገዶች ቍጥር ጋራ ሲመዛዘኑ ጥቂት ነበሩ፤ ጠባቂያቸውም መተማመን ነበረ። ዊልያም ቤንት ከሻያን ወገን፥ የስሟ ትርጓሜ «የጉጉት ሴት» የሆነውን፥ የአንድ የተከበረ ካህን ልጅ አግብቶ ልጆች ወለደ። በ1840ም ሻያንና አራፓሆ ከጠላቶቻቸው ከካዮዋና ከኮማንቼ ጋራ በዚያው ወንዝ ዳር ታረቁ።

መፍረሱ በጦርነት ጀመረ። በ1846 የጄኔራል ኪርኒ ሠራዊት ሜክሲኮን ሊወጋ ሲያልፍ ምሽጉን ስንቅ ቤት አደረገው፤ የሠራዊቱም ከብት ሣሩን ጨረሰው። በ1847 የኒው ሜክሲኮ ገዥ ሆኖ የተሾመው ቻርልስ ቤንት በታኦስ በተነሣ ዐመፅ ተገደለ። በ1849 የኮሌራ በሽታ ገብቶ ከሻያን ሕዝብ ብዙውን ፈጀ፤ ዊልያምም በዚያ ዓመት ምሽጉን ትቶ ሄደ።

የባሰው ግን ኋላ መጣ። በኅዳር 29 ቀን 1864፥ ሳንድ ክሪክ በሚባል ስፍራ፥ ሰላም አግኝተናል ብለው የሰፈሩትን ሻያንና አራፓሆ ኮሎኔል ቺቪንግተን በድንገት ወጋቸው። አለቃቸው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ነበር፤ አላዳነውም። ከ150 በላይ ሰው አለቀ፤ የሚበዙትም ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የዊልያም ቤንት ልጆች ጆርጅና ቻርልስ በሰፈሩ ውስጥ ነበሩ፤ ወንድማቸውን ሮበርትን ግን ሠራዊቱ አስገድዶ መንገድ መሪ አድርጎት ነበር። ካፒቴን ሳይለስ ሶል ወታደሮቹ እንዳይተኩሱ ከለከለ፤ በኋላም በጉዳዩ ላይ መስክሮ በ1865 በጥይት ተገደለ።

እንግዲህ ምሽጉን የሚጐበኝ ሰው ወደ ሳንድ ክሪክም ይሂድ። በዚያ የታደሰ ግንብ የለም፤ ሜዳና ነፋስ ብቻ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ግን መንግሥት የመታሰቢያ ስፍራ አድርጎ ይጠብቀዋል። የአንድን ቤት ግድግዳ አንድ የታመመ መኰንን በሣለው ወረቀት መልሶ ማቆም ተችሏል። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረውን መተማመን መልሶ የሚያቆም ሥዕል ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ሳይፈርስ መጠበቅ ይገባል።