የከተማችን ሰው ፕሮፌሰር አሚር ፕኑኤሊና የ«ጊዜ» ትምህርታቸው



ከክርያት ሞሼ ተነሥቶ ረሖቮትን አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋምን አጥር ያገኛል። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተሰቦች ይህን አጥር በአውቶቡስ መስኮት እያየን ስንት ዓመት አልፈናል፤ ከውስጥ ምን እንደሚሠራ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። እኔም የኦሪት ትምህርት እንጂ የሒሳብ ትምህርት የሌለኝ ሰው በመሆኔ አልጠየቅሁም ነበር። ፍለጋውን የጀመርኩት የልጅ ልጄ «አያቴ፥ ኮምፒውተር እንዳይሳሳት ማን ያረጋግጣል?» ብላ ብትጠይቀኝና መልስ ባጣ ነው።

ፕሮፌሰር አሚር ፕኑኤሊ በ1941 ዓመት በናሃላል መንደር ተወለዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው የዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ ምሁር ነበሩ። ልጃቸው በሃይፋው ቴክኒዮን ሒሳብ ከተማሩ በኋላ ወደ ከተማችን መጥተው በ1967 በቫይዝማን ተቋም የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። የጥናታቸው ርዕስ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ የውቅያኖስ ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ከፍና ዝቅ የሚልበትን በስሌት ማግኘት ነበር። ጣናን ብቻ አይቶ ላደገ የደጋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እኔ የባሕር ውሃ ሸሽቶ ሲመለስ ያየሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። አስተማሪያቸው ፕሮፌሰር ሐይም ፔኬሪስ ሲሆኑ፥ በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ረሖቮት የተሠራውን «ቫይዛክ» የተባለውን የእስራኤል የመጀመሪያ ኮምፒውተር እንዲሠራ የገፋፉት እኒሁ ሰው ናቸው።

ከዚያ ፕኑኤሊ ወደ አሜሪካ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሙያቸውን ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ አዞሩ። በ1973 ወደ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍልን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ሆኑ። በ1981 ወደ ቫይዝማን ተመለሱ።

ስማቸውን ያስጠራው በ1977 ያቀረቡት ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ፕሮግራምን የሚመረምሩት እንደ ዘይት መጭመቂያ ነበር፤ ኑጉ ይገባል፥ ዘይቱ ይወጣል፥ ሥራው ያልቃል። የስልክ ማዞሪያን ወይም አውሮፕላንን የሚመራ ፕሮግራም ግን ሥራው ማለቂያ የለውም፤ ሌሊትና ቀን ሲጠየቅ ሲመልስ ይኖራል። ስለዚህ ፕኑኤሊ አርተር ፕራየር የተባለ የኒው ዚላንድ ተወላጅ ፈላስፋ ስለ ጊዜ የጻፈውን ሥነ አመክንዮ ወስደው ለኮምፒውተር አዋሉት። መሣሪያዎቹ በየቀኑ የምንናገራቸው ቃላት ናቸው፦ «ሁልጊዜ»፥ «አንድ ቀን»፥ «እስከ»።

የመንገድ መብራትን አስቡ። ለመኪናውና ለእግረኛው አረንጓዴው በአንድነት ሊበራ አይገባም፤ ይህ «ሁልጊዜ» የሚጠበቅ ነው። ቁልፉን ተጭኖ የቆመ እግረኛ ደግሞ «አንድ ቀን» አረንጓዴ ሊያገኝ ይገባል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ለሁሉም ቀይ ብቻ የሚያበራ መብራት ማንንም አያጋጭም፥ ማንንም ግን አያሻግርም።

የመጀመሪያው ቃል ቢፈርስ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ይታወቃል። «አንድ ቀን» ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ባይሆን ነገ ሊሆን ይችላልና፥ ሰው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ቃሉ ሐሰት ነበር ለማለት አይችልም። ይህን ሳነብ ጎንደር ላይ ስትጠብቅ የኖረችውን እህቴን አስታወስሁ። ከአንድ ቢሮ በየጊዜው የሚነገራት «ትጠሪያለሽ» የሚል ብቻ ነበር፤ ቀኑን የነገራት የለም። ስንት ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል! ፕኑኤሊና ባልደረቦቻቸው ኋላ ላይ «በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ» የሚል የሰዓት ገደብ ያለበትን ጥናትም ሠርተዋል፤ እኔ ብጠየቅ ከሥራቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በ1996 በኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት፥ በ2000 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበሉ። በመጨረሻ ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም ያስተምሩ ነበር፤ በዚያው ከተማ በኅዳር ወር 2009 በ68 ዓመታቸው አረፉ። ዘዴያቸው ዛሬም የኮምፒውተር ቺፕ ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት ስሕተቱን ለመፈለግ ይሠራበታል። ለልጅ ልጄም የነገርኳት ይህንኑ ነው።

ከሰፈራችን ልጆች መካከል በዚያ ተቋም የተማረ ወይም የሠራ ካለ፥ ታሪኩን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ጽፎ ወደ ማኅበራችን ቢያመጣልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።