ሞተር ሳይክልን ለቡድን ጉዞ መጫንና መንከባከብ

ለመዝናኛ በቡድን ወደ ኮረኮንች መንገድ የሚወጡ ሞተር ሳይክሎች ብዙውን ጊዜ እስከ መነሻው ቦታ በፒካፕ ወይም በአይሱዙ ተጭነው ይጓዛሉ። ጥንቃቄውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሞተር ሳይክል በጎን ማቆሚያው ተደግፎ ሊታሰር አይገባም፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ማቆሚያው ይጣመማል፤ ማሰሪያውም ይላላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የፊት ጎማው ስፖንዳውን ነክቶ፣ አሞርዛተሩ በከፊል እስኪወርድ ድረስ ከመሪው ግራና ቀኝ ወደ ፊትና ወደ ታች ይወጠራል። የኋላው በሌሎች ሁለት ማሰሪያዎች ይያዛል። የነዳጅ መዝጊያውም ይዘጋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ቆሞ ውጥረቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። በሞተር ሳይክሎች መካከል ሰው ማሳፈር፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ብረት ሲወድቅ መሸሻ የለም።

በጥገና ረገድ ቀዳሚው ጠላት አቧራ ነው። የስፖንጅ አየር ማጣሪያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የማጣሪያ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ ይቀየራል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። ካቴናው አሽከርካሪው ሲቀመጥ ስለሚጠብቅ በመጠኑ ላላ ብሎ መተው አለበት።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ባሕር ዳር ተነስቶ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ወዳለችው ደባርቅ የሚወጣ ባለ ካርቡሬተር ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ካንዴላውም በጥቀርሻ ይጠቁራል። ትርፍ ካንዴላ፣ ከመነዳሪና መፍቻ መያዝ ያለበት ከሁሉም ኋላ የሚነዳው ሰው ነው፤ የተበላሸበትን ሁሉ የሚያገኘው እርሱ ነውና።