የቆዳ አጥር እንጂ «የቆዳ መሰናክል» አይባልም

ስለ ፊት ቅባት በሚያወሩ የአማርኛ ቪዲዮዎች «የቆዳ መሰናክል» የሚል ቃል ደጋግሜ መስማት ጀምሬአለሁ። «ይህ ሎሽን የቆዳ መሰናክልሽን ያጠነክርልሻል» ይባላል። መሰናክሉ እንዲጠነክርለት የሚፈልግ ሰው ማን ነው? ቃሉ የወጣው «ተሰናከለ» ከሚለው ግስ ነው፤ ሰው የሚደናቀፍበት፣ ሥራ የሚቆምበት ነገር ነው። በስፖርትም ቢሆን ለሜቻ ግርማ በ2023 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘበት የ3,000 ሜትር መሰናክል አለ፤ እሱም የሚዘለል ነው። እንግሊዝኛው «ባሪየር» ብሎ ለሁለቱም ይጠቀማል። አማርኛ ግን የሚያደናቅፈውንና የሚጠብቀውን ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ነው፤ ይህን ልዩነት በአንድ ትርጉም ማፍረስ ያሳዝናል።

ነገሩ የቪዲዮ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት ነበር፤ ግን ቃሉ ወደ ክፍል እየገባ ነው። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያለች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪን አስቡ። ቤቷ አዊኛ፣ ገበያው አማርኛ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ኬሚስትሪው በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ያታክታት ይሆናል፤ የቅባት ብልቃጥ ጀርባ ግን ፊደል በፊደል ታነባለች። እዚያ ላይ ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ ስቴሪክ አሲድ፣ ሴቲል አልኮል ተደርድረዋል፤ በብዛት የገባው ቀድሞ ይጻፋል። ሴቲል አልኮል አረቄ አይደለም፤ እንደ ሰም የጠጠረ ነጭ ነገር ነው። አልኮል ያሰኘው በሞለኪውሉ ላይ ያለው የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥንድ ነው። ግሊሰሪን እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሦስት ስላሉት ውኃ ይስባል። ስቴሪክ አሲድ ደግሞ ባለ 18 ካርቦን የስብ አሲድ ነው፤ በሞራም በቅቤም ይገኛል። ከዚህ ብልቃጥ የሚነሣ መምህር የወሩን ትምህርት በእጁ ይዟል። ልጅቷ መዋቢያ መውደዷ ከትምህርት የሚያዘናጋት ሳይሆን ወደ ትምህርቱ የሚያስገባት በር ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

«የቆዳ መሰናክል» የተባለው ነገር ራሱ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳትና በመካከላቸው የተሞላ ስብ ነው፤ ስቡም ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ናቸው። ከመዳፍና ከውስጥ እግር በቀር ከደብተር ወረቀት በብዙ እጥፍ የቀጠነ ሲሆን፣ የውስጡን ውኃ ይዞ የውጭውን ጀርም ያግዳል።

ታዲያ ምን እንበለው? «የቆዳ መከላከያ» የሚሉ አሉ። ቃሉ መልካም ነው፤ ግን «የፀሐይ መከላከያ» ከሱቅ የሚገዛ ቅባት ስለሆነ ሰሚው ይህንንም የሚቀቡት ነገር አድርጎ ይረዳዋል፤ ነጋዴውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ግርዶ» ዐይንና ብርሃንን እንጂ ውኃን አይመለከትም። «ቅጥር» ጥሩ ነበር፤ ግን ዛሬ ወጣቱ ቅጥር ሲባል የሚያስበው ሥራ ነው።

እኔ «የቆዳ አጥር» እላለሁ። አጥር ከግእዙ «ሐጹር» ጋር አንድ ሥር ነው፤ «ጸግበ» ጠገበ እንደ ሆነ ሁሉ ጸው ወደ ጠ ዞሯል። ከሥሩ ይልቅ ግን የማረከኝ ተከትለውት የሚመጡት ግሶች ናቸው። አጥር ይታጠራል፣ ይሳሳል፣ ይፈርሳል፣ ይጠገናል። ስለ ቆዳ ማለት የምንፈልገው ሁሉ እዚሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ «መሰናክሉ ሳሳ» የሚል ግን የለም። የአዊ ልጅ ደግሞ የቀርከሃ አጥር ሲሠራ እያየ ያደገ ነው፦ የሞቱት ሕዋሳት ቀርከሃው፣ ስቡ ማሰሪያው ነው ቢባል ወዲያው ይገባዋል። «አጥር ክፍተት አለው» ብሎ የሚሟገተኝ ይኖራል። የቆዳውም አለው፤ ሳያልበን እንኳ በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ በቆዳችን ይተናል። ክፍተቱ ሲሰፋ ነው ቆዳው ወዝ አጣ የምንለው። ወዝም ሊዘነጋ የማይገባው ቃል ነው፤ ቅባት የሚሠራው ይህን ወዝ እንዳይሸሽ መያዝ ነው።

በሳሙና የታጠበ ፊት ለምን እንደሚደርቅም በዚሁ ቃል ይብራራል። የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በፒኤች አንድ ደረጃ ማለት አሥር እጥፍ ስለሆነ ከ5 ወደ 9 ሲኬድ የአሲድነቱ ልዩነት 10,000 እጥፍ ነው። ሳሙናው ከእድፉ ጋር የአጥሩን ማሰሪያ ስብም ያጥባል።

ለአዊ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሰዉ ዝሆኔ የሚለው፣ የጎጃም ደጋ ሕመም ነው። በአዊ ዞን በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ሕክምናውን ከመደበኛው ጤና አገልግሎት ጋር ለማዋሐድ ኤንድፖይንት የተባለ ጥናት ተካሂዷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ታማሚዎች እግራቸውን የሚዘፈዝፉበትን ውኃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ቀንሶ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረበት፤ የእግራቸው የቆዳ አጥር በተሻለ ሁኔታ አገገመ። ውኃ በጀርባ ለሚቀዳበት ቤት 5 ሊትር ብዙ ነው። ያቺ ተማሪ ከብልቃጡ ላይ ያነበበችው ግሊሰሪን ይኸው ነው።

ስቴሮይድ ያለባቸው ማንጫ ቅባቶችም ሲዘወተሩ ቆዳን ያሳሳሉ። ለልጅቷ «አጥርሽ ይሳሳል» ብትሏት ትሰማለች፤ «መሰናክልሽ ይቀንሳል» ብትሏት ደስ ሊላት ይችላል።

ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ቪዲዮ የምትሠሩ ወጣቶች፣ በየቀበሌው እግር የምታጥቡ የጤና ባለሙያዎች፦ «የቆዳ አጥር» በሉ፤ እንግሊዝኛውን ለፈተና ከጎኑ ጻፉላቸው።