ካራው ማሽኑን ይቀድማል

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ ልትሠሩ አሰባችሁ እንበል። ገና ስሙ ሳይወጣ «የቱን መቁረጫ እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብድር የሚገባበት ጥያቄ ስለሆነ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየቱ አይከፋም።

የድሮ ባለእጅ ጠፍሩንም፣ ስልቻውንም፣ የዳዊቱን ማኅደርም የጨረሰው በካራና በወስፌ ነው። ውለታው ግን «ፋቂ» ተብሎ መናቅ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በአንድ አዋጅ የሚለቅ አልነበረም። ሙያውም ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ብቻ ተላለፈ።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አርመኖች አዲስ አበባ ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች ከፈቱ። እዚያ ሙያ የቀሰሙ ሠራተኞች ቀስ በቀስ እየወጡ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ የመርካቶው ሸራ ተራ የጫማ ሰፈርነትም ከዚህ ይመዘዛል። ሲወጡ ማሽኑን ተሸክመው አልሄዱም። የያዙት ቆዳ አይቶ የሚቆርጥ እጅ ነው።

ይህ እጅ ለምን ዋጋ አለው? ቆዳ እንደ ጨርቅ አንድ ወጥ አይደለም። ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ሆዱ ይለጠጣል። የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም የጓንት ገበያ ስም አለው፤ ግን እከክ፣ እሾህና የአራጅ ቢላ ጠባሳ ይተዉበታል። ቆራጩ ጠባሳውን እየዘለለ፣ የቦርሳውን ፊት ከጀርባው፣ የማይታየውን ክፍል ከጎኑ ያወጣል።

መቁረጫ ፕሬስ ይህን አያይም። ስለት ያለውን የብረት ቅርጽ ቆዳው ላይ አስቀምጣችሁ ስትጫኑት፣ ጥሩውንም ጠባሳውንም እኩል ይቆርጣል። አንድን ቅርጽ መቶ ጊዜ ለሚደግም ሰው ግን ተወዳዳሪ የለውም። ችግሩ፣ ለእያንዳንዱ ሞዴልና መጠን የራሱ ብረት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ሞዴል የሚቀይር ጀማሪ ገንዘቡን ብረት ላይ ይጨርሳል። ሌዘር ብረት አይፈልግም፤ ነገር ግን ጠርዙን ያሳርራል፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ለጤና አደገኛ ነው።

እናም ታሪኩ ቅደም ተከተሉን ይነግረናል። መጀመሪያ ስለታም ካራ፣ የብረት ማስመሪያ፣ የካርቶን ሞዴልና መብሻ። አንዱ ቀበቶ ወይም ቦርሳ ተደጋግሞ መታዘዝ ሲጀምር፣ ለዚያው ብቻ ብረት አሠርቶ አነስተኛ የእጅ ፕሬስ። ትልቁ ፕሬስ ትዕዛዙ እጅ ሲያደክም ይደርሳል።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ ስትወጡ አስኮን ታልፋላችሁ፤ ለረጅም ዘመን የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነው። ፋብሪካ አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትቸኩሉም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድ ሙሉ ቆዳ ዘርግታችሁ ጠባሳውን በጠመኔ አክብቡ። ለዚህ ብድር አያስፈልግም።