የንብ ስንቅ፦ ከግብር ጉንዶ እስከ ሐዋሳ ጓሮ

ሐዋሳ ላይ ማር ሸጦ የሚያድር ቤተሰብ ደንበኛ የሚበዛለት በጥቅምትና በኅዳር፣ ኋላም በሚያዝያና በግንቦት ነው። የዓመቱ ዕጣ የሚወሰነው ግን ስለ ማር ብዙ ሰው በማይጠይቅበት በክረምት ነው። በልግና ክረምት ተከታትለው በሚዘንቡበት በሲዳማ ምድር ንብ ቀኑን ሙሉ ቀፎዋ ውስጥ የምትታገድበት ሳምንት አይጠፋም። ዝናቡ ጋብ ብሎላት ብትወጣም አበባው ታጥቦ ይጠብቃታል። በዚያ ሰሞን የምትበላው ቀድማ ያስቀመጠችውን ነው። የአገራችን የንብ እርባታ ታሪክ ለእኔ ከሁሉ በፊት የዚህ ስንቅ ታሪክ ነው፤ ማን ወሰደው፣ ለንቧስ ምን ተረፈ የሚለው።

ወሳጁ ብዙ ነበር። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚለው ትውፊት ንብንና ንግሥናን ሲያቆራኝ፣ የቤተ መንግሥቱ ጠጅ ደግሞ ማርን ከግብር ጋር አቆራኘ። በ1512 ዓ.ም. አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማሩንና የጠጁን ብዛት ጽፏል። ማር በጉንዶ እየተሰፈረ ለባለ ጉልት ይገባ ነበር፤ ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይውላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የገባር ሥርዓት በደቡብ ሲተከል፣ ማር እዚህም ገባሩ ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ሆነ። የግብር ቀን ሲደርስ ጉንዶው መሙላት አለበት፤ ቀፎው ውስጥ ለክረምት ምን እንደቀረ የሚጠይቅ የለም።

አባቶች የሚጠቀሙበት የቀርከሃ ቀፎ በእበት ተለቅልቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሽፋኑ ዝናብ ያሳልፋል የሚል ካለ የሲዳማውን የሁላን ደጋ አላየም። ቀፎው ከመሰቀሉ በፊት ሽታው ንብ እንዲጠራ ይታጠናል። ይህን ሁሉ ሳደንቅ አንድ ነገር መደበቅ አልወድም፦ ማር የሚቆረጠው በሌሊት፣ በእሳትና በጭስ ስለነበር ንብም እጭም አብሮ ያልቅ ነበር። ከቀፎው ኋላ ያለውን የማር እንጀራ ሳይነካ የሚወርድ አስተዋይ አናቢ አልጠፋም፤ ጨለማና ችኮላ ግን ለአስተዋይም አይመቹም።

አሜሪካዊው ላንግስትሮት በ1852 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስመዘገበው ባለ ፍሬም ቀፎ ይህን ችግር ለመፍታት ይችል ነበር። በፍሬሞቹ መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ሲተው ንቧ ስለማትደፍነው፣ አናቢው እያንዳንዱን እንጀራ አውጥቶ አይቶ ይመልሳል። ወደ እኛ አገር የዘለቀው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ የሆለታው የንብ ማዕከል በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ሲሰጥ፣ ዘመናዊው 15፣ 20 እንደሚሰጥ ተነገረ። ቁጥሩ እውነት ነው። ዛሬም ከአገሪቱ ቀፎዎች እጅግ የሚበዙት ባህላዊ ስለሆኑ አዲሱን ማስፋፋቱ ተገቢ ነው። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ማር ማውጫ ግን እንጀራውን ሳይሰብር የመጨረሻዋን ጠብታ ያወጣል። ጉንዶው ያልቻለውን እሱ ቻለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የሂሳብ ነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ከቀፎ ክፍሏ እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላም ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ታገለግላለች፤ አበባ የምትቀስመው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ወርኃ ጽጌ በመስከረም 26 ሲገባ ሜዳ እንድትወጣ የሚፈለገው ንብ እንቁላሏ መጣል ያለበት ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን፣ በነሐሴ አጋማሽ ነው። አውራዋ ደግሞ ምግብ ሲጎድል እንቁላል መጣል ታቆማለች። ስንቁ በግንቦት ተጠራርጎ የተወሰደበት ቀፎ መስከረም ላይ አደይ አበባ ፊቱ ፈክቶ፣ የሚቀስም ሠራተኛ አይኖረውም። ጨርሶ የራባት ንብ ደግሞ ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች፤ የእኛ አገር ንብ በዚህ ትታማለች።

አውሮፓዊ አናቢ በረዶው ሳይመጣ ለአንድ ቀፎ 15፣ 20 ኪሎ ማር ይተዋል ወይም በስኳር ይተካል። እኛ ጋ በረዶ ስለሌለ ንብ ራሷን ትችላለች የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት ብዙ ቀፎ አስባክኗል።

ብልሁ ቤተሰብ ሰኔ ሳይጋመስ ከሳጥኑ ላይ ባዶውን ደርብ ያነሣል፤ ሰፊ ቤት ማሞቅ ንቧን ይከብዳታልና፤ እጮቿን በ35 ዲግሪ ገደማ ማቆየት አለባት። መግቢያውን ያጠብባል፣ ቀፎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ጥቂት ያዘነብለዋል፣ በእግሮቹ ዙሪያ ለጉንዳን አመድ ይነሰንሳል። ሲጎድል የስኳር ውሃ፣ በሶና ሽሮ ይሰጣታል። ሽሮው ቀልድ አይምሰል፤ እጭ ለማሳደግ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የምታገኝበት ነው። በዛሬው የስኳር ዋጋ ግን ርካሹ መኖ ሳይቆረጥ የቀረ የራሷ ማር ነው። ስኳር ቀፎው ላይ ደርብ ሳለ የሚሰጥም አለ፤ ያ ንብ መመገብ ቀርቶ ደንበኛን ማታለል ይሆናል።

ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጫካ ዛሬ አብዛኛው ቤት፣ መንገድና እርሻ ሆኗል። የከተማው አናቢ ቡናው፣ ብሳናውና ዋንዛው ወዳለበት ወደ ወንዶ ገነትና ወደ ይርጋለም አቅጣጫ ማየቱ አይቀርም። እዚያም አረም ማጥፊያና ፀረ ተባይ ይጠብቀዋል፤ ርጭቱ ንብ ገብታ ካደረች በኋላ ምሽት ላይ እንዲሆን ከጎረቤት ገበሬ ጋር መነጋገር የእሱ ፋንታ ነው።

ዘመናዊውን ቀፎ ለሚያድሉት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሪፖርታችሁን በሰኔ አትዝጉ። በወርኃ ጽጌ መግቢያ ተመልሳችሁ ሂዱና ካደላችኋቸው ቀፎዎች ንብ ያለባቸውን ብቻ ቁጠሩ።